የጋሽ ነስሩ ሜትር

ሜትሩ አንገታቸው ላይ ነበር።

ያን ያየሁት ልጄን ከላክኋት በኋላ ነው። እኔ ሳፋው ላይ ጎንበስ ብዬ የባሌን የሥራ ቱታ አሻለሁ፤ እጄ እስከ ክርኔ አረፋ ነው። ጎረቤታችን ጋሽ ነስሩ በረንዳቸው ላይ፣ የስፌት መኪናቸው ፊት ተቀምጠዋል። እንደ ሁልጊዜው በከንፈራቸው ስፒል ነክሰዋል። በዚያው ባልተከፈተ አፋቸው፣ ቀስ ብለው፣ «የረድኤት እናት፣ ከበርሜሉ ሥር ሜትር ወድቋል» አሉኝ።

ልብስ ሰፊ ናቸው። ልብስ ሰፊ ሜትር ይወድቅበታል። ሌላ ምን አስባለሁ? ቀና እንኳን ሳልል፣ «ረድዬ፣ ሂጂ ለጋሼ ሜትራቸውን አንሺላቸው» አልኳት። አምስት ዓመት ሊሞላት ነው፤ መላክ የምትወድበት ዕድሜ ነው። ሮጠች።

ቱታውን ልገለብጥ ቀና ስል ነው ያየሁት። ያ ቢጫ ሜትር፣ ቁጥሩ የተላላጠው፣ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ሁለቱም ጫፉ ደረታቸው ላይ ነው። ሌላ ሜትር ደግሞ የላቸውም።

ልጄ በርሜሉ ጋ ደርሳ ቁጢጥ ብላለች።

«እማ» አለችኝ፣ እንደ መሳቅ እያላት፣ «ሜትሩ ይተነፍሳል።»

ጋሽ ነስሩ ሞቱ ብለው የነገሩኝ ቀን ምስር እየለቀምኩ ነበር። የደወለችልኝ ባለቤታቸው ዘሃራ ናት። «ጋሼሽ ሄደልሽ» አለችኝ። «ስኳሩ ተነሳበትና።» «እሺ» አልኳት። ስልኩን አስቀምጬ ምስሩን ለቅሜ ጨረስኩ። ጠጠሩን ደጅ ደፋሁት። ውሃ ጣድኩ። እህቴ ገብታ «ምን ሆነሻል?» እስክትለኝ ድረስ የሆንኩትም ነገር ያለ አልመሰለኝም። ከዚያ ጉብሬ ከበርሜሉ ቀን ወዲህ ነገር ሲመጣብኝ እንዲህ ነኝ። እጄ የያዘውን ይቀጥላል፣ ሌላው ሰውነቴ ይቆማል። በለቅሶም አልወጣልኝም። ስለ እሳቸው ቁጭ ብዬ መጻፍ የጀመርኩት ለዚህ ነው፤ ምናልባት በዚህ ይወጣልኝ እንደሆነ።

እኔ የቡታጅራ ልጅ ነኝ። ተወልጄ እስክዳር ድረስ የማውቀው ትልቁ አውሬ የጋሪ ፈረስ ነው። ባሌ ብረት በያጅ ነው። ጉብሬ ዩኒቨርሲቲ ይሠራል፣ በርና መስኮት በያጅ ይፈለጋል ሲባል፣ ዕቃችንን ጭነን ሄድን። ያገኘነው ቤት ከመንደሩ ዳር፣ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ነው። ከኛ ኋላ ቤት የለም። የድንጋይ ካብ አለ፣ ከካቡ ወዲያ ቁጥቋጦ፣ ከቁጥቋጦው ወዲያ ገደል። በግቢው ያለነው ሁለት ቤት ነን፤ እኛና እነ ጋሽ ነስሩ። የውሃ በርሜላችንም አንድ ነው።

የደረስን ቀን ዘሃራ ቂጣ ይዛልን መጣች። ጋሽ ነስሩ አልተነሱም። ከበረንዳቸው ሆነው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «አብሽሪ እህቴ፣ ትለምጂዋለሽ» አሉኝ። ምኑን እንደሆነ አልነገሩኝም።

ወፍራም ሰው ናቸው። ከመኪናቸው ሲነሱ አይቼ አላውቅም ብል ውሸት አይሆንብኝም። ለሶላት ይነሳሉ፣ ለምግብ ይነሳሉ፣ ግን መቼ ተነስተው መቼ እንደተቀመጡ አይታይም። ዘሃራ «ይሄ ሰውዬ እኮ ከመኪናው ጋር ተሰፍቷል፤ ሲሞት አብረን ነው የምንቀብራቸው» ትላለች። እሳቸው ስፒላቸውን ነክሰው በአፍንጫቸው ይስቃሉ። ድምፃቸው ከፍ ሲል አልሰማሁም። በስፒሉ ምክንያት ነው ብዬ አስብ ነበር። ለካ ሌላም ምክንያት አለው።

በገባን ሰሞን ነው፣ አንድ ጠዋት «ደንበኞች መጡ» አሉ። ደስ አለኝ። አዲስ ጎረቤት ነኝ፣ የሰው ገበያ ይቅናው ብዬ መጥረጊያ አንስቼ ደጃቸውን ጠረግኩ። ነጠላዬን አስተካክዬ ወደ በሩ አየሁ። በበሩ የገባ የለም። ዞር ስል፣ ካቡ ላይ ዝንጀሮ ተደርድሯል። አንደኛው እንደ ሽማግሌ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያየኛል። መጥረጊያዬን ጥዬ ቤት ገብቼ ቆለፍኩ።

ዘሃራ በመስኮቱ እየሳቀች ነገረችኝ። «እሱ እንዲህ ነው የሚጠራቸው። ይነካካሉ፣ ይለኩታል፣ ሳይገዙ ይሄዳሉ ይላል።»

ጋሽ ነስሩ አውሬን በስሙ አይጠሩም። እናታቸው ቤት አይጠራም ነበር አሉ። ስሙን የሰማ አውሬ እንደ ሰው አቤት ብሎ ይመጣል ይሉ ነበር እናታቸው። ሌላው ሰው አያ ምንትስ፣ እነ እንትና ብሎ ያልፈዋል፤ እሳቸው ግን ሁሉን በሙያቸው ስም አወጡለት። ጃርት መርፌ ነው። «ማታ መርፌ ድንቹን ቆፍሮታል» ይላሉ። ጅብ መቀስ ነው። «ዛሬ በጊዜ ግቡ፣ መቀስ ቅርብ ነው።» ዝንጀሮ ደንበኛ ነው። እነዚህን በሰሞኑ ለመድኳቸው። እንዲያውም ቀለለኝ። ጅብ ሲባል በሩን እቆልፋለሁ፤ መቀስ ሲባል ግን መቀስ ነው፣ መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጥ።

አንድ ጊዜ የቀበሌው ሊቀመንበር ሱሪ አሰፍተው፣ ታጥቦ ካብ ላይ ተሰጥቶ ሳለ አንዱ ዝንጀሮ ይዞት ሄደ። አንዱን እግር ቁጥቋጦው ውስጥ አገኘነው። ሊቀመንበሩ ለስብሰባ ሊለብሱት መጡ። እኛ ሴቶቹ በር ዘግተን እናዳምጣለን።

«ነስሩ፣ ሱሪዬስ?»

«ጌታዬ፣ ሌላ ደንበኛ ለካው።»

«ምን ማለት ነው ለካው? የኔን ሱሪ?»

«ልኩ መስሎታል። ይዞት ሄደ።»

«ስሙ ማነው? የት ነው የሚኖረው?»

ጋሽ ነስሩ ስፒላቸውን ነክሰው መስፋታቸውን ቀጠሉ። ዘሃራ መሬት ላይ ተቀምጣ አፏን በሻሿ ይዛ በሳቅ ታነባለች። ስሙን አይነግሯቸው ነገር አይጠሩትም! መጨረሻ ላይ በጣታቸው ወደ ካቡ አሳዩዋቸው። ሊቀመንበሩ አይተው አይተው፣ «በአንድ ለአምስት ያልተደራጀ እሱ ብቻ ነው የቀረው» ብለው ስቀው ሄዱ። ጋሽ ነስሩ በነጋታው አዲስ ሱሪ ሰፉላቸው።

እንዲህ ነበር የምንኖረው። ሜትር የሚለውን ግን አልነገሩኝም። በጋ ነበርና አልመጣም፤ ስላልመጣ አላነሱትም። የማውቅ መሰላቸው።

ወደዚያ ቀን ልመለስ።

«ሜትሩ ይተነፍሳል» ስትል እኔም ሰማሁት። የጎማ ንፋስ ሲወጣ የሚሰማው ዓይነት ነው። ልጩህ ብዬ አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ የለም። ልነሳ አልኩ፣ እጄ ቱታውን ማሸቱን ቀጠለ። ረድኤት እጇን ዘረጋች። ላንሳላቸው ብላ ነው፤ የላክኋት ልጅ ናት፣ መልእክቷን ልትፈጽም ነው።

«እባብ!»

በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ድምፅ አልሰማሁም። መጀመሪያ ማን እንደጮኸ አላወቅኩም፣ ምክንያቱም ያን ድምፅ አላውቀውም። «እባብ ነው! ረድኤት ቁሚ! እባብ!» ስፒሎቹ ከአፋቸው ተረጩ፣ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ በረንዳው ላይ ሲንጣጡ እሰማለሁ። በርጩማው ወደቀ። መኪናው ላይ ይሰፉት የነበረውን ጥቁር ሱፍ፣ የአንድ ሙሽራ ሱሪ ነው፣ ከነክሩ መንጭቀው ሮጡ። ያ ወፍራም ሰው ሮጠ። ልጄ እጇን እንደዘረጋች ደንግጣ ቆማለች። ሱፉን እባቡ ላይ ወረወሩበት፣ በሌላ እጃቸው ረድኤትን በቀሚሷ ጀርባ አንጠለጠሏት፣ ወደ ኋላ በቂጣቸው ተቀመጡ። ልጄ ደረታቸው ላይ ናት። ሱፉ መሬት ላይ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ በአንድ በኩል ወፍራም፣ ቢጫና ጥቁር ነገር ወጥቶ ወደ ካቡ ድንጋይ ገባ። ቀስ ብሎ ነው የገባው። አልቸኮለም።

ዘሃራ ስትወጣ ባሏን መሬት ላይ አገኘችው። «ያ ረቢ! ምን ሆንክ? ተተረተርክ እንዴ?» አለች። ቀልዱ አመለጣት እንጂ ልትቀልድ አልነበረም።

እኔ ቱታውን እያሸሁ ነው። ያንኑ እጅጌውን። ዘሃራ መጥታ እጄን ከሳፋው እስክታወጣው ድረስ አላቆምኩም።

ልጄን አልነካትም። ተመስገን። እባቡ ግን አልተገኘም። ወንዶች መጥተው ካቡን በእንጨት ጎረጎሩት። አንዱ እፉኝት ነው አለ፣ ሌላው የለም ሌላ ነው አለ። ላምባ በዙሪያው ደፉ፣ ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጠው በየቀዳዳው ጎሰሩ። ግቢው ሰንብቶ ላምባ ላምባ ሸተተ። ስፒሎቹን ደግሞ ስንለቅም ከረምን፤ ዛሬም ያለቁ አይመስለኝም።

በነጋታው ጠዋት ጋሽ ነስሩ ረድኤትን ጠሯት። እኔ አዝያታለሁ፣ እንዳዘልኳት ሄድን። አፋቸው ባዶ ነው፤ ስፒል የለም። ሜትሩን ከአንገታቸው አወረዱ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ሜትር» አለች።

«የትናንቱስ?»

«ሜትር።»

ወደ ካቡ አዩ። ግንባራቸው ላይ ላብ አለ፣ ገና ጠዋት ነው። «እባብ ነው» አሏት። «በይ፣ እባብ።»

«እባብ።»

ዘሃራ ከውስጥ፣ «አዑዙ ቢላህ! አንተ ሰውዬ ምን ነካህ? በጠዋቱ ልትጠራው ነው?» ብላ ጮኸች።

«ይምጣ» አሉ። «ከመጣ በስሙ ይምጣ። ልጅ እኔ ባወጣሁለት ስም ትሂድበት?»

ይህን ሲሉ ፈርተዋል። የሚፈራ ሰው እኔ አውቃለሁ። ስም መጥራቱ አውሬውን ያመጣል ብለው ሙሉ ዕድሜያቸውን ያመኑ ሰው ናቸው፣ እምነታቸውን አልተዉትም፤ እያመኑ ነው የጠሩት። ከዚያ ወዲያ ሁሉንም በስሙ ጠሩ። ዝንጀሮ ሲመጣ «ዝንጀሮ!» ይላሉ፣ እንደ መርዶ ነጋሪ ፊታቸው ጠቁሮ። የሚስቅ ጠፋ። ያ የደንበኛው ቀልድ ቀረ።

የስፌት መኪናቸውንም አዞሩት። ድሮ ፊቱ ወደ በሩ ነበር፣ ገቢና ወጪውን እያዩ እንዲሰፉ። ወደ ካቡ አዞሩትና ደንበኛ ሲመጣ በጀርባቸው የሚቀበሉ ሆኑ። «ጋሼ፣ ሰው እኮ ጀርባ እየሰጡት ነው» ብላቸው፣ «ሰውማ ቢመጣ ይናገራል» አሉኝ። ዓይናቸው ከካቡ፣ እግራቸው ከመርገጫው። ስፌታቸው ጠማማ የሆነው ያኔ ነው። የሙሽራው ሱሪም አንድ ቀን ዘገየ፤ ለካ እዚያ ሱፍ ላይ ምን እንደነበረ ለሙሽራው አልነገሩትም፣ ሦስቴ አጥበው ሰጡት።

ከቡታጅራ ጉብሬ ለቅሶ የሄድኩ ቀን ያን መኪና አየሁት። ቀብሩ አልፎ ነበር የደረስኩት። መሬት መሬቱን እያየሁ ነው ግቢው የገባሁት። ዳሱ ሥር ሰው ሞልቷል፣ መኪናው ግን በረንዳው ላይ እንዳለ ነው፣ ፊቱ ወደ ካቡ። ዘሃራ አቅፋኝ አለቀሰች። «እናንተ ከሄዳችሁም በኋላ አላዞረውም» አለችኝ። «ልጅቷ ሄዳለች፣ መልሰው ስለው እሺ ይላል፣ አይመልሰውም።» እኔ መኪናውን እያየሁ ቆምኩ። ማልቀስ እንዳለብኝ አውቃለሁ። አልመጣም።

ልጄን ከእባቡ ቀን በኋላ መሬት አላስረገጥኳትም። ይህ አባባል አይደለም። አዝዬ ነው ውሃ የቀዳሁት፣ አዝዬ ነው ወጥ የሠራሁት። ሲደክመኝ አልጋ ላይ አስቀምጣታለሁ፣ የአልጋውን ሥር ካየሁ በኋላ። ሽንት ቤት ስሄድ ዘሃራ ትሸከምልኛለች። ጎረቤቶች «ይቺ ሙሽራ መቼ ነው የምትወርደው?» ይሉኛል። ዘሃራ «እግሯ ይሰንፍባታል፣ ተያት ትሂድ» ትለኛለች። እሺ እላለሁ፣ አላወርዳትም። ረድኤት መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር፤ በኋላ ጀርባዬ ላይ ታለቅስ ጀመር። ሲነጋ ይነጋል፣ ሲመሽ ይመሻል። ምን እንደበላሁ አላስታውስም።

ባሌን ቡታጅራ እንመለስ አልኩት።

«አንድ እባብ ነው። ሄዷል» አለኝ።

«የት ሄደ?»

«እኔ ምን አውቄ! ወደ ቤቱ።»

«ቤቱ የት ነው?»

ሸሚዙን አውልቆ ሰቀለ። «እዚህ ሥራ አለ» አለ። «ቡታጅራ ምን አለ?»

ምን እንዳለ ማሰብ ራሱ ደክሞኛል።

ያን ንግግር ጋሽ ነስሩ ሰምተው ኖሯል፤ ግድግዳችን ጭቃ ነው። እሑድ ጠዋት ባሌን ከበረንዳቸው ጠሩት። ልጄን እንዳዘልኩ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

«አንተ በያጅ፣ ና ተቀመጥ።»

ተቀመጠ።

«ይቺ ሚስትህ ያዘለችው ምንድነው?»

«ልጃችንን ነዋ፣ ጋሼ።»

«ልጅ ብትሆን ያወርዷታል። የኔን ጥፋት ነው ያዘለችው። እኔ በትክክል ስሙን ብጠራ ኖሮ ልጅቷን አትልክም ነበር። አሁን ላወርድላት አልቻልኩም፤ ቀን ሙሉ እጠብቃለሁ፣ አላመነችኝም። ልክ ናት። እኔም ራሴን አላምንም።»

«ጋሼ፣ እርስዎማ ልጄን...»

«ስማኝ። እህቷ ቤት ይሂዱ። አንተ እኛ ጋ ትበላለህ፣ ዘሃራ አለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ትሄዳለህ። ይሄ ቤት ጠቧታል፤ ስትተነፍስ እንኳን አላያትም። ልቀቃት ትሂድ።»

ባሌ ወደ እኔ አየ። ከዚያ ቀን በፊት አይቶኝ እንደነበር አላውቅም። «እሺ» አለ።

ዕቃችንን አይሱዙ ላይ ጫንን። ብዙ አይደለም። ዘሃራ ቡላ ቋጥራ ሰጠችኝ። ጋሽ ነስሩ እስከ አይሱዙው መጡ፤ ይህን ሁሉ መንገድ ሲራመዱ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ጀርባዬ ላይ ላለችው ልጄ ሜትሩን ከአንገታቸው አውልቀው አንገቷ ላይ አደረጉላት።

«ጋሼ፣ በምን ሊለኩ ነው?» አልኳቸው።

«በስንዝር» አሉኝ። ከዚያ ለእሷ፣ «ይሄ ምንድነው?»

«ሜትር።»

«ያኛውስ?»

«እባብ።»

«ጎበዝ።» ወደ እኔ ዞረው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆሙ። «ስትደርሱ ደውዪልኝ» ያሉኝ አይሱዙው ከተነሳ በኋላ ነው፣ እየጮኹ። ሁለተኛ ጊዜ ሲጮኹ ሰማኋቸው።

መንገዱን አላስታውሰውም። አረቅጥ ላይ ብርድ ነበር፤ ሹፌሩ «እናት፣ ልጅቷን አውርጂና እግሯን ትዘርጋ» አለኝ። አላወረድኳትም። ጭኔ ላይ እንዳለች ሜትሩን ታፍታታለች፣ ትጠቀልላለች።

ቡታጅራ እህቴ በሩን ከፍታ ጠበቀችን። ግቢዋ ሲሚንቶ ነው፤ ድንጋይ የለም፣ ሣር የለም፣ የሚደበቅበት ቀዳዳ የለም። በዓይኔ ዙሪያውን አየሁት። እንደገና አየሁት። እህቴ «ምን ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ። ከአይሱዙው ስወርድ መልሼ ያዘልኩበትን አንቀልባ ፈታሁ። ጀርባዬ ላይ ብርድ ገባ። ልጄን በሁለት እጄ ይዤ ቀስ ብዬ አወረድኳት፤ መጀመሪያ አንድ እግሯን፣ ቀጥሎ ሌላውን። ትንሽ ወላወለች። ቆመች። ከዚያ ሮጠች።

የእህቴን ስልክ ተቀብዬ ደወልኩ። ዘሃራ ሳትሆን እሳቸው ናቸው ያነሱት፤ ስልኩን ይዘው ሲጠብቁ የቆዩ ይመስለኛል።

«የረድኤት እናት?»

«አቤት፣ ጋሼ።»

«ልጅቷስ?»

ወደ ግቢው አየሁ። ረድኤት በባዶ እግሯ ቁጢጥ ብላ ሜትሩን ሲሚንቶው ላይ ዘርግታለች፤ ከበሩ እስከ ግድግዳው ትለካለች።

«መሬት ላይ ናት» አልኳቸው። «ደርሰናል፣ ጋሼ። ደህና ነን።»